የምዕራብ ነፋስ የተጻፈበት ወረቀት

መስዑድ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ድምፁን ሲያጠፋብኝ፣ የሳዲቅን ነገር ሰምቶ ነው ብዬ ደመደምሁ። የሳዲቅ እናት እኔን ለልጃቸው አስበው በዚያው ሰሞን ከወረታ መጥተው ከእናቴ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ሄደዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ትልቅ ከተማ ነኝ ትላለች እንጂ ወሬ መደበቅ ገና አልለመደችም። ስልክ ስደውል አያነሣም። መልእክቴን ያነባል፣ አይመልስም። በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ሳይ ስውል፣ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ልሰጥ የትል መድኃኒት አንሥቼ ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። ተናድጄም ነበር፣ ፈርቼም ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም።

ከመነሻው አብራችሁኝ ያልነበራችሁ እንዳትቸገሩ፣ ነገሩን ባጭሩ ላውጋችሁ። እኔንና መስዑድን ያገናኘን ከሰማይ የወደቀ ሳጥን ነው። እሱ የሚሠራው ጣና ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የአየር ጠባይ ጣቢያ ውስጥ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ፊኛ በጋዝ ይሞሉና፣ ከሥሩ የብርቱካን ያህል የምትከብድ የመለኪያ ሳጥን አንጠልጥለው ይለቁታል። ፊኛው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ይፈነዳል፤ ሳጥኗ በትንሽ ጃንጥላ ትወርዳለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንዷ ወረታ፣ የአባቴ የሩዝ መጋዘን ግቢ ውስጥ ዐረፈች። ሠራተኞቹ ቦምብ ነው ብለው ሮጡ። እኔ ጠጋ ብዬ ባያት በእስክሪብቶ ተጽፎባታል፦ «አልጎዳም። ያገኘኝ ሰው ለመስዑድ ይደውል።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ደወልሁ። «ሳጥንህ ሩዛችን ላይ ተኝታለች» አልሁት።

«ደኅና ናት?» አለኝ። ሳጥኗን ማለቱ ነው። ስለ እኔ ደኅንነት መጠየቅ የጀመረው በሳምንቱ ነው።

አባቴ ሐጂ ሙሀመድየሱፍ ከወረታና ከይፋግ ሩዝ እየገዙ የሚነግዱ፣ በሐይቁ ዙሪያ የታወቁ ሰው ናቸው። አንዲት የሩዝ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር አድርገው «ይኸ የይፋግ ነው» ይላሉ፤ ከየት እንደመጣ ያላወቁትን እህል አይገዙም። አምና በሰኔ መስዑድ ሽማግሌ ሲልክም የጠየቁት ይህንኑ ነው። «ልጁ ከየት የመጣ ነው?» የመስዑድ አባት ከጅማ፣ እናቱ ከደሴ ለፋብሪካ ሥራ መጥተው እዚሁ ተገናኝተው የተጋቡ ናቸው። አሁን ሁለቱም በሕይወት የሉም። አያቱን አውቀዋለሁ የሚል፣ ዘመዱን የሚቆጥር ሰው በከተማው አይገኝም። ለአባቴ ይህ ምልክት የሌለው ጆንያ ማለት ነው።

ቢሆንም አባቴ ጨዋታ ይወዳሉ፤ ያን ዕለትም ልጁን ወዲያው አላባረሩትም። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት። መስዑድ ደግሞ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሽማግሌ ልኮ የተቀመጠ መሆኑን ይረሳል። ከምድር ወገብ በላይ፣ ደመናም ሆነ የመንገደኛ አውሮፕላን ከማይደርስበት ከፍታ፣ ዓለሙን የሚዞር ነፋስ እንዳለ ነገራቸው። አንድ ዓመት ያህል ከምዕራብ ይነፍስና ተራውን ይለቃል፤ ቀጥሎ ከምሥራቅ ይነፍሳል። አዲሱ ከላይ ጀምሮ በወር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እየወረደ የቀድሞውን ይገፋዋል። ደርሶ መልሱ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ነው።

«ተራ የሚጠብቅ ነፋስ» አሉ አባቴ። «በወፍጮ ቤት ሰው እንኳ ተራ አይጠብቅ።» ከዚያ ወረቀት አስመጡ። «በል ጻፍልኝ። ነፋስህ በቃልህ ይገኝ እንደሆን እናያለን።»

መስዑድ ሳያመነታ ጻፈ፦ «እስከ የካቲት መጨረሻ በጣና ሰማይ ላይ፣ በሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ የምዕራብ ነፋስ ይነፍሳል።» ፈረመበት። አባቴ ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። «ቃልህ ከተገኘ መጋቢት ሲገባ ሽማግሌህን መልሰህ ላክ። ካልተገኘ ግን የልጄን ስም እንዳታነሣ» አሉት። ያለ አባቴ ፈቃድ ኒካህ እንደማላስር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ለመስዑድ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው ዕድሌ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ነፋስ ላይ የተንጠለጠለው።

በዐሥረኛው ቀን የሺመቤት መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጣች። የመስዑድ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ከማሾፍ ቦዝና አታውቅም።

«የራስ ምታት ኪኒን ስጭኝ» አለችኝ። «ለእኔ አይደለም። ነፋስ ለከዳው አንድ ሰው ነው።» ይህን ብላ የታጠፈ ወረቀት በመስኮቱ አሾለከችልኝ። የጣቢያው ሰንጠረዥ ከታተመበት ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

«ሱምያ፣

ዝም ያልሁሽ የምነግርሽን ነገር ራሴም ማመን አቅቶኝ ነው። ነፋሱ ተገልብጧል። መጀመሪያ መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሳጥን ቀየርሁ። ቀጥሎ ስሌቱን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ለየሺመቤት ሰጠኋት። ከዚያ የናይሮቢን ልኬት አየን፣ የሲንጋፖርን አየን፤ ሁሉም አንድ ነው። ስንት ወር ከምዕራብ ሲነፍስ የቆየው አሁን ከምሥራቅ ይነፍሳል። ተራው ደርሶ ቢሆን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ይኸኛው ግን የቆመ ሰልፍ እንደሚሰነጥቅ ሰው ከመሃል ገባ። ከስድሳ ዓመት በላይ በተያዘው መዝገብ እንዲህ ያለው ነገር የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ይደጋገማል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው ለአባትሽ የጻፍሁት ቃል እንዳልተገኘ ነው። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልይሽ።»

ብታምኑኝም ባታምኑኝም መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስለ ሳዲቅ አንዲት ቃል የለበትም፤ አልተቀየመኝም። ደብዳቤውን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው የአባቴ «ካልተገኘ ግን» ትዝ ያለኝ።

ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ጣቢያው ሄድሁ። ፊኛው ገና እየተሞላ ነበር፤ መስዑድ የፊኛውን አንገት ይዞ ከግቢው ዋርካ አጠገብ ቆሟል፣ የሺመቤት ከውስጥ ኮምፒዩተሩ ጋር ትታገላለች። ከስቷል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም። ያን ጊዜ ዘጠኝ ቀን ያጠራቀምሁት ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

«እሑድ አትምጣ» አልሁት።

«መምጣት አለብኝ።»

«ማን ያየዋል? ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ወጥቶ የሚያይ አባት የለኝም። የካቲት ሊያልቅ የቀረው ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። መጋቢት ሲገባ ሽማግሌ ትልካለህ፣ በቃ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?»

ፊኛውን ትቶ እኔን አየኝ። «ሰምቻለሁ። ዝምታው አይነቅዝም። እኔ ግን እነቅዛለሁ ሱምያ። አባትሽ ከየት እንደመጣሁ አያውቁልኝም፣ አያቴን አያውቁልኝም። የሚያውቁልኝ ያቺን አንዲት መስመር ቃል ነው። እሷን ዋሽቼ ቤታችሁ ከገባሁ፣ የገባው ሰው እኔ አይደለሁም።»

እውነቱን እንደነበር ያን ጊዜም ዐውቃለሁ። ሰው ግን የሚወደውን ሊያጣ ሲል ፍርድ ያጣል። «ከእኔና ከቃልህ የቱን ነው የምትወድ?» አልሁት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን አልወደድሁትም።

ሰዓቱን አየ፤ የመልቀቂያው ደቂቃ ደርሶ ነበርና እጁን ከፈተ። ፊኛው ከዋርካው ቅርንጫፍ አመለጠ፣ ከሐይቁ በላይ ወጣ፣ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ሁለታችንም አንጋጠን አየነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቻው» እለው ነበር። ያን ቀን የቆምንበት አንድ ክንድ ርቀት ከሰማዩ ረዘመብኝ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት። ቤታችን ሹም አቦ ሰፈር ነው፤ ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው፤ እኔና እናቴ ዘይነት ከዚያ ጀርባ ቆመናል። እናቴ ክንዴን ይዛለች። ልታጽናናኝ ይሁን እንዳልወጣ ልትከለክለኝ እስካሁን አልነገረችኝም።

መስዑድ የመጣው ከአቶ አንዳርጋቸው ጋር ነው። በፋብሪካው ከአባቱ ጋር አንድ ማሽን ላይ ሲሠሩ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ መስዑድ ቆሞ ተናገረ።

«ሐጂ፣ ቃሌ አልተገኘም።»

«ኧረ ቁጭ በል ልጄ» አሉ አቶ አንዳርጋቸው።

አባቴ ግን አላስቀመጡትም። «ቀኑ መች አለቀ? ዐሥራ አንድ ቀን አለህ» አሉት።

«በዐሥራ አንድ ቀን አይመለስም። እርስዎ ሲጠብቁ እንዳይቆዩ ብዬ ነው።»

«ዛሬ ባትመጣ ማን ይነግረኝ ነበር?»

«ማንም።»

አባቴ ከኮታቸው ኪስ ያችን ወረቀት አወጡ፤ ስምንት ወር ሙሉ ከዚያ አልወጣችም ማለት ነው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «የምዕራብ ነፋስ ይነፍሳል ይላል። እስቲ ንገረኝ፤ ፊኛህ ከዚያ ሲደርስ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ምዕራብ። በአቸፈር በኩል።»

«ወደ ምዕራብ ከሄደማ የምዕራብ ነፋስ ነዋ። ምን ሆንሁ ብለህ ነው?»

እናቴ ክንዴን ጨመቀችው።

«አይደለም ሐጂ» አለ መስዑድ። «በእኛ ሥራ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው። ከምሥራቅ ከመጣ፣ የትም ይሂድ የትም፣ የምሥራቅ ነፋስ ነው የሚባል።»

«በመጣበት!» አባቴ ከልባቸው ሳቁ። «እኔ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በጀልባ ከዘጌ ቡና ጭነን ስንሄድ፣ ወደ ጎርጎራ የሚወስደን የጎርጎራ ነፋስ ነው። ወደ ዘጌ የሚመልሰን የዘጌ ነፋስ ነው። ከየት እንደመጣማ ለእኛ ምን ይረባናል? ሰው የሚፈልገው የሚወስደውን ነው።»

አቶ አንዳርጋቸው ሽማግሌነታቸው ትዝ አላቸውና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እንግዲያውስ ተገኝቷል! ሐጂ እንዳነበቡት ቃሉ ተገኝቷል። አላህም የወደደው ነገር ነው።»

መስዑድ ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ በቂ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፤ ወለሉን አየ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ሐጂ እንዳነበቡት አልጻፍሁትም። ስጽፈው ከምዕራብ የሚመጣ ማለቴ ነው።»

ጫማዬን አውልቄ ብወረውርበት ደስ ባለኝ ነበር። እንዲህም ሆኖ እንደዚያች ደቂቃ ወድጄው አላውቅም።

የአባቴ ሳቅ ቆመ። «ልክ ነህ» አሉ ቀስ ብለው። «ወረቀት የሚነበበው በጻፈው ሰው አፍ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብሏል የአገሬ ሰው።» ወረቀቱን አጠፉና በመስዑድ በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እንግዲህ አልተገኘም።»

መስዑድ ወረቀቱን አነሣ። አቶ አንዳርጋቸው ባርኔጣቸውን ፈለጉ። ከእናቴ እጅ እንዴት እንዳመለጥሁ፣ መጋረጃውንም እንዴት እንዳለፍሁት አላስታውስም፤ ራሴን ያገኘሁት ሳሎኑ መሃል ቆሜ ነው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

እንግዳ ፊት ተናግሬ አላውቅም። አባቴ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ጠይቂ።»

«ነፋስን በሚሄድበት ነው የሚጠሩት። ከየት እንደመጣ ምን ይረባናል ሲሉ አሁን ሰማሁዎ።» ወደ መስዑድ ጠቆምሁ። «ታዲያ ይህን ሰው ለምን በመጣበት ጠሩት?»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ሊጠርጉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጅ ሳለሁ የሚያደርጉት ነው። ሰጠኋቸው። ሲጠርጉ ቆዩ፤ መስታወቱ ግን አልቆሸሸም ነበር። የዐስር ሶላት አዛን የተሰማው በዚህ መሃል ነው።

አባቴ ተነሡ። መስዑድን አዩት። «ውዱእ አለህ?»

«አለኝ ሐጂ።»

«ና እንግዲህ።»

በዚያው ሳሎን ጎን ለጎን ቆመው ሰገዱ። አቶ አንዳርጋቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቋቸው። እኔ ወደ መጋረጃው ተመልሼ የሁለቱን ጀርባ አያለሁ። መስዑድ በቁመት ከአባቴ እንደሚበልጥ ያየሁት ያኔ ነው። ያን ያህል ዱዓ በአንድ ጊዜ አድርጌ አላውቅም፤ ቃሉ ሁሉ እየተደባለቀብኝ።

አባቴ አሰላምተው ሲጨርሱ ከምንጣፉ አልተነሡም። «አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትሄድ?» አሉት።

መስዑድ የተሰናበተ መሰለው። «ወደ ቤቴ ነው ሐጂ። አሁኑኑ እንሄዳለን፤ አልቆይም።»

«እንደሱ አይደለም። አምና ከየት እንደመጣህ ነበር የጠየቅሁህ። ዛሬ ወዴት እንደምትሄድ ነው የምጠይቅህ።»

ጥያቄው ገብቶት ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እኔን አላየኝም፤ አባቴን ነው ያየ። «እርስዎ ከፈቀዱ» አለ፣ «ወደዚህ ቤት ነው።»

«ነፋስህ ደግሞ ቢገለበጥስ?»

«በዚያው ቀን መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

አባቴ ጢማቸውን ዳበሱ። የሩዝ ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ከመናገራቸው በፊት እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ዓመታት ስላየሁት ዐውቀዋለሁ። «አቶ አንዳርጋቸው» አሉ፣ ወደ ሽማግሌው ዞረው፣ «አንድ ሽማግሌ ሽማግሌ አይባልም። ረመዷን ሳይገባ ሦስት ሆናችሁ ኑ። ያችንም ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ እኔ ዘንድ ትቀመጥ።»

እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀሰች። እኔ ልስቅ ስል አፌን በነጠላዬ ያዝሁ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

ሲወጡ እስከ ውጭው በር የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። አቶ አንዳርጋቸው አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ባጃጅ ልጥራ ብለው ቀድመው መንገዱን ተሻገሩ። መስዑድ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ከዘጠኝ ቀን በላይ ያላየሁት ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር፤ ገና ራሱን ሳያምነው የመጣ ፈገግታ።

«የትላንቱን ጥያቄሽን አልመለስሁልሽም» አለኝ።

«ጥያቄው ነበር የተሳሳተው» አልሁት። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልሁም፤ እሱም አልጠየቀኝ። ወረቀቷን የያዘበትን ኪሱን መታ አድርጎ ሄደ።

ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ መጥቶ መጋረጃዎቹን አነሣቸው። «ሱምያ» አሉ አባቴ ከውስጥ፣ «በሩን ዝጊው፤ ነፋስ እየገባ ነው።»

«እሺ አባ» አልሁ። መስዑድ ግን ከመንገዱ ጥግ ገና አልታጠፈም ነበር፤ በሩን አልዘጋሁትም።